ለአማርኛ አራትን ይጫኑ

ለክቡር ሙሴ ስታማቲ ቫርዳኪስ፣
የወረዳችን የመንገድና የመብራት ቦርድ ሰብሳቢ፣ የስልክና የኮምፒውተር መሐንዲስ፣ እግዚአብሔር ከፈቀደም በቅርቡ የግሪክ አገር የሕዝብ እንደራሴ፣
ካሉበት።

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፤ ነሐሴ 1999 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለማዳም ካትሪናና ለልጆችዎ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎን እንደሚያምዎ ሰምቼ ነበርና አሁን ተሽሎዎት ከሆነ ደስታዬ ነው፤ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። እንግልውድ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ አጥባለሁ፣ አጥፋለሁ፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። የምጽፈው እሁድ እሁድ ብቻ ስለሆነ፣ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ፣ ነገሬ ወዲያና ወዲህ ቢል በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። አማርኛ ማንበብ እንደማይቸግርዎ ሁላችንም እናውቃለን። የተመረጡትም በዚሁ ነው።

ጉዳዬን በጋዜጣ ማውጣቴን ከይሉኝታ ማጣት እንዳይቆጥሩብኝ። መጀመሪያ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። በሩ ላይ ያለችው ልጅ በጣም ጨዋ ናት፤ ጉዳይ የሚቀርበው በስልክ ብቻ መሆኑን አስረድታ፣ ቁጥሩ ያለበትን ካርድ ሰጥታ፣ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ። በስልክ የሆነውን ወደ ታች እጽፈዋለሁ። እንግዲህ የቀረኝ በር ይህ ጋዜጣ ነው።

ይህን የሚያነቡ ሁሉ እርስዎን በሚገባ እንዲያውቁዎ የሥራ ታሪክዎን ባጭሩ ላስቀድም። አገርዎ ሲገቡ ለምርጫው የሚጠቅምዎ ከሆነም ይውሰዱት፤ ዋጋ አልጠይቅም።

የተወለዱት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባትዎ ሙሴ ያኒ ዳቦ ቤት ነበራቸው። የእኛ አቶ ዳኛቸው በወጣትነታቸው የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ዳቦ የሚገዙት ከዚያ ነበር፤ እርስዎንም በቁምጣ ሲሮጡ ያውቁዎታል። ሙሴ ያኒ ለቸገረው ሰው ትናንት የተጋገረውን በነጻ ይሰጡ እንደነበር እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ። አብዮቱ ዳቦ ቤቱን ሲወርሰው ከቤተሰብዎ ጋር ወደ አቴና ሄዱ፣ ምህንድስና ተማሩ፣ ከዚያም ዴንቨር መጥተው በአንድ የስልክ ድርጅት ተቀጠሩ። እዚያም ሰው ሲደውል ሰው እንዳያነሳ የሚያደርገውን ማሽን ከሠሩት ሊቃውንት አንዱ ለመሆን በቁ። የኮምፒውተሩ ገበያ የወደቀ ጊዜ ብዙ ባልደረቦችዎ ሥራ ፈትተው ታክሲ ያዙ። እርስዎ ግን ሕዝብ ሊያገለግሉ ተነሱ። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ያን ጊዜ ነው ወደ እኛ የመጡት። አመጣጥዎ ያማረ ነበር። እንደ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች በየበራችን እጀታ ላይ ወረቀት አንጠልጥለው አልሄዱም። አገር እንደሚያውቅ ሰው ሽማግሌ ላኩ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ቆመው፣ ልክ ልጅ ለጋብቻ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ልጃችሁ ልኮን መጣን አሉ። መልሱን ስለ ሁላችን ሆነው እንዲሰጡ አቶ ዳኛቸው ተመረጡ። ኮፍያቸውን አወለቁና፣ «ስታማቲ የዳቦ ቤቱ ልጅ ነው። የኛው ነው። ጨርሰናል» አሉ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ምን ሊሠራልን ነው ብሎ አልጠየቀም። ሲቲዝን የሆነው ሁሉ ሄዶ መረጠዎ። ሃቫና ስትሪት ላይ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የአፓርታማችን ወይዘሮ ዛኪያ አንድ ጊዜ ስለነገረቻቸው እንዲሁ አደረጉ። በጥቂት ድምፅ ብልጫ እንዳሸነፉ እርስዎም አይክዱም። ይህን ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከተመረጡ በኋላ ያንን ማሽን ወደ ወረዳችን አመጡልን። መብራት የጠፋበት፣ መንገድ የተቦረቦረበት፣ መሻገሪያ የሚፈልግ ሁሉ ቢሮ ለቢሮ መንከራተቱ ቀርቶ አንድ ቁጥር ብቻ ይደውላል ተባለ። ለእንግሊዝኛ አንድን፣ ለስፓኒሽ ሁለትን፣ ለኮሪያኛ ሦስትን፣ ለአማርኛ አራትን። አማርኛውን ለሌላ ሰው አልሰጡም፤ በራስዎ ድምፅ ቀዱት። ወረቀትዎ ላይም «ሙሴ ስታማቲ ሁልጊዜ ይሰማዎታል» ተብሎ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። እውነቱን ለመናገር ኮርተን ነበር። ልጄ እንዳልክ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ፣ «እማ፣ ነይ ስሚ፣ ሙሴ በአማርኛ እያወራ ነው» ብሎ የጠራኝ ቀን ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ እራት ሲቀርብ ደረቱን ነፍቶ፣ የእርስዎን አነጋገር እየመሰለ፣ ለሽሮ አንድን ይጫኑ፣ ለምስር ሁለትን ይጫኑ ይለን ነበር። ታናሽ እህቱ ሔለን ሳቋ እስኪያንቃት ድረስ። በቤታችን ስምዎ አንድም ቀን በክፉ ተነስቶ እንደማያውቅ እንዲረዱልኝ ነው ይህን መጻፌ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ፤ መሐንዲስ ቁጥር ይወዳል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አንድ ሰው አፍ።

ከአፓርታማችን ፊት ያለው መንገድ ሰፊ ነው፣ መኪናውም ይከንፍበታል። ከዴንቨር የሚመጣው ባስ የሚያወርደን ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ነው። የትራፊክ መብራት ወዳለበት መስቀለኛ ሄዶ፣ ተሻግሮ፣ ተመልሶ መምጣት ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለዋለ ሰው ሩቅ ነው፤ በበረዶ ጊዜ ደግሞ የእግረኛው መንገድ አይጠረግም። ስለዚህ ሁሉም እዚያው ይሻገራል። የፈለግነው ትልቅ ነገር አልነበረም። እግረኛ ሲጫነው ብልጭ ብልጭ የሚል ቢጫ መብራትና መሬቱ ላይ ነጭ ቀለም፤ ይኸው ነው። ባለፈው መስከረም በዚሁ ጉዳይ ተሰበሰብን። ሁላችንም እየደወልን ሰውየውን ከምናሰለች አንድ ሰው ይናገርልን ተባለ። አሁንም አቶ ዳኛቸው ተመረጡ። እሳቸውም ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ አራትን ተጫኑና የተላኩት ከአፓርታማው ሰው ሁሉ መሆኑን፣ ማን የት እንደሚሻገር፣ የማን ልጅ ለጥቂት እንደተረፈ አንድ በአንድ ተናገሩ። ማሽኑም አንድ ብሎ መዘገበ።

መብራት እንዲተከል የሃያ አምስት ሰው ጥሪ እንደሚያስፈልግ የሰማነው በኋላ ነው። ከትልቁ ፓርክ አጠገብ ያሉት ነዋሪዎች ግን ነገሩ ቀድሞ ገብቷቸው ኖሮ፣ ውሾቻቸውን ወደ ፓርኩ የሚያሻግሩበት መብራት ሲፈልጉ ባልም በስልኩ፣ ሚስትም በስልኳ፣ ልጅም በስልኩ ደወለ። ከገና በፊት ተተከለላቸው። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ቆንጆ መብራት ነው። ውሾቹም ሲበራ ቀና ብለው አይተው ይሻገራሉ። እንኳን ደስ አላቸው፤ እነሱ ምን አደረጉ።

ክቡር ሆይ፣ ማሽኑን የሠራው ሌላ መሐንዲስ ቢሆን ኖሮ አልቀየምም ነበር። ብዙ ሰው በአንድ ሰው አፍ እንደሚናገር ከየት ያውቀዋል እል ነበር። እርስዎ ግን ሽማግሌ ልከው የተመረጡ ሰው ነዎት። የምርጫው ጊዜ የአቶ ዳኛቸው አፍ የሦስት መቶ ሰው አፍ ነበር። መብራት ሲጠየቅ ያው አፍ፣ ያው ሰውዬ፣ ያው አማርኛ፣ አንድ ሆነ። ሒሳብ ብዙ አልተማርኩም፤ ሲመቸዎ ቢያስረዱኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ዝምታ።

ጥያቄው ከቀረበ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጎረቤቴ ጤናዬ፣ አቶ ዳኛቸው እንደገና ይደውሉ እንጂ ብላ ነበር። ጤናዬ አፏ አያርፍም፤ ልቧ ግን ደግ ነው። አቶ ዳኛቸው ተቆጧት። «ትልቅ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚጠየቀው። ሰምቷል። አታሳፍሩት» አሉ። እኛም አክብረንዎ ዝም አልን። ለካ ማሽኑ ሠላሳ ቀን ዝም ያለ ሰው ችግሩ እንደተፈታለት ይቆጥራል። አክብሮታችንን እንደ እርካታ ጻፈው። አሁን በወጣው ወረቀትዎ ላይ «የነዋሪዎች ቅሬታ በግማሽ ቀነሰ» የሚለውን በትልልቁ ፊደል አንብቤያለሁ። አዳራሹ ውስጥ በግድግዳው ላይ ያሳዩንንም ሥዕል አስታውሳለሁ፤ ቀዩ መስመር ከላይ ጀምሮ እንደ ቁልቁለት እየወረደ ሄዶ ታች ተኛ። ተጨበጨበልዎ። እኔም አጨበጨብኩ።

ልጄ ያለበት መቃብር ስፍራ፣ ክቡር ሆይ፣ ቅሬታ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። መስመሩ መሬት ነክቷል።

ሦስተኛ። ይህን ለመጻፍ ሁለት እሁድ ፈጅቶብኛል።

ያ በረዶ የከበደበት ዊንተር ነበር። በየካቲት መጀመሪያ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ገና ብርሃን ሳለ። መንገድ ጠራጊው መኪና የገፋው በረዶ በመንገዱ ጠርዝና ጠርዝ ተቆልሎ እንደ ግንብ ጠንክሮ ነበር፤ ሰው በክምሩ መካከል በተከፈተው ቀዳዳ ነው የሚወጣው። እንዳልክ ከኮሌጅ ሲመለስ ባሱ ውስጥ ሆኖ ደወለልኝ። «እማ፣ ደርሻለሁ፤ ሽሮውን አሙቂው» አለኝ። ጣድኩት። በመስኮት ባሱ ሲቆም አየሁ። ሲሄድም አየሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አልጽፈውም። ወይዘሮ ዛኪያ ጫማ ሳታደርግ በረዶው ላይ ወጥታ ወገቤን ይዛ እንደቆመች ብቻ ይታወቅልኝ። ሃያ ዓመቱ ነበር። መኪናውን የነዳው ሰው ሽማግሌ ነው፤ አልጠጣም፣ አልከነፈም፤ ከክምሩ መካከል ብቅ ሲል አላየውም። አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። እሱን አልከስም።

እርስዎም ለቅሶ መጡ። ስለ መጡ አመሰግናለሁ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ጫማዎን በር ላይ አውልቀው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። ጉልበትዎን እያመመዎ እግርዎን አጥፈው ተቀመጡ። ንፍሮውን በእጅዎ ዘግነው በሉ፤ በእናንተም ዘንድ ለሞተ ሰው ስንዴ እንደሚቀቀል፣ ስኳርና ሮማን እንደሚጨመርበት ለሴቶቹ ነገሯቸው። ከዚያ እጄን ይዘው፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ መብራቱ ይተከላል። ቃሌ ነው» አሉኝ። በለቅሶ ቤት የተሰጠ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ለድሬዳዋ ልጅ አላስተምርም። እርስዎ እንደወጡ ጤናዬ፣ «ንፍሮውን በልቷል፤ ቃሉንም ከበላ እንግዲህ ጥጋቡ ነው» አለች። ሁላችንም ገሠጽናት። አሁን ይቅርታ ልጠይቃት ይገባኛል።

አራተኛ፣ ስለ አንዲት ቃል።

መብራቱ አልተተከለም። ፋሲካ አለፈ፣ በረዶው ቀለጠ፣ ሣሩ ወጣ። ቃል የሰጠን ሰው መነዝነዝ አይገባም ብለን አሁንም ዝም አልን፤ ከአንድ ጊዜ የማይማሩ ሰዎች ነን። ሰኔ ላይ ሔለን በኮምፒውተር የወረዳውን ገጽ ከፈተች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛው ሲያጥራት በእንግሊዝኛ ትሞላዋለች። «ማሚ፣ ሪዞልቭድ ነው የሚለው» አለችኝ። ምን ማለት ነው አልኳት። «ተፈቷል ነው። ላይክ፣ አልቋል» አለች። ቀኑን ተመለከተች። ባለፈው ኅዳር የተዘጋ ነው።

እንግዲህ ልጄ የሞተው ችግሩ ከተፈታ በኋላ ነው ማለት ነው። ችግሩ ከመፈታቱ በፊት ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስበት እንደነበር አላውቅም።

አቶ ዳኛቸው ይህን ከሰሙ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ከኋላ ነው የሚቆሙት። ሰው ተጣልቶ አስታርቁን ሲላቸው፣ ልጅ የሚድር ሰው ይናገሩልን ሲላቸው፣ «እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ሌላ ፈልጉ» ይላሉ። ማሽንዎ የሠራውን ሥራ ሁሉ በወረቀትዎ ላይ ሲዘረዝሩ ይህን ረስተውታልና ቢጨምሩት።

በዚህ ወር መጀመሪያ የእንዳልክን ሙት መንፈቅ አወጣን። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ፣ እህል ሳይቀርብ፣ የመጣውን ሰው ሁሉ ስልካችሁን አውጡልኝ አልኩት። ዛሬ በአንድ አፍ አንናገርም፣ እያንዳንዳችን እንደውላለን አልኩ። ጤናዬ ደወለች፣ ዛኪያና ባሏ በየስልካቸው ደወሉ፣ ቄሱ ሳይቀሩ ከቀሚሳቸው ኪስ ስልካቸውን አወጡ። ሔለን ማሽኑ የሚጠይቀውን የባስ ማቆሚያ ቁጥር እየዞረች ነገረቻቸው። ሁሉም አራትን ተጫነ። ከዚያ ቤቱ በእርስዎ ድምፅ ሞላ። «ይህ ጉዳይ መፍትሔ አግኝቶ ተዘግቷል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ደህና ይሁኑ።» የአንዱ ስልክ ሲጨርስ የሌላው ይጀምራል፤ ከሳሎን ሲያበቃ ከኮሪደር ይሰማል። እርስዎ ለቅሶ የመጡት አንድ ሰው ሆነው ነበር፤ ለሙት መንፈቁ ግን ብዙ ሆነው መጡ። የተዘጋ ጉዳይ ላይ የሚደውል ሰው አይቆጠርም ኖሯል፤ ይህንንም ያን ቀን ተማርን። መጨረሻ ላይ የደወሉት አቶ ዳኛቸው ናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው አዩትና፣ «ይህ ልጅ እኮ አባቱን አይመስልም» አሉ። ከዚያ እህሉ ቀረበ።

አምስተኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ እግረኛ መንገዱ በረዶ ነበር። ይቅር። ነሐሴ ነው፣ በረዶ የለም፣ ደክሞኛልም።

አሁን አገርዎ ጠራዎት። ለፓርላማ እንደሚወዳደሩ፣ አቴና ካለ ጋዜጣ ጋር ተነጋግረው በአሜሪካ የሠሩትን ማሽን ለመላው ግሪክ እንደሚያመጡ ቃል እንደገቡ ሰማን። ዜጋው አንድ ቁልፍ ይጫን እንጂ አይንከራተት አሉ ይባላል። ደስ የሚል ንግግር ነው። ግሪኮች ጮክ ብለው የሚናገሩ፣ አንድን ነገር አሥር ጊዜ የሚጠይቁ ሰዎች ከሆኑ ይጠቅማቸው ይሆናል። ነገር ግን በአንዱ ደሴት ላይ አንድ ሽማግሌ ልከው፣ ሰውየውን አናሳፍረው ብለው፣ ዝም ብለው የሚጠብቁ እናቶች ካሉ፣ ስለ እነሱ አዝናለሁ። የማዝንላቸው በሩቅ ሆኜ ነው፤ ቋንቋቸውን ስለማላውቅ ማስጠንቀቅ አልችልም።

የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው፣ በመጪው ማክሰኞ የመጨረሻ ስብሰባዎን ይመራሉ ተብሏል። አበባና የምስጋና ሰሌዳ እንደሚሰጥዎም ሰምቻለሁ፤ ይገባዎታል። ከመቀበልዎ በፊት በራስዎ አፍ፣ ማሽን ሳያስገቡ፣ ያ መሻገሪያ አልተፈታም ብለው ይናገሩ። ከኮምፒውተሩ ላይ ያቺ ቃል ትሰረዝ። ቃሏ እስካለች ድረስ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሰብሳቢ ገልጦ ያያል፣ ተፈቷል ይላል፣ ይዘጋዋል። ትምህርት ተከፍቷል። ሔለን ከዚያው ባስ ነው የምትወርደው። በየቀኑ ከሥራ ቦታዬ እደውልላታለሁ፤ ከወዲያ ማዶ ቆማ ታነሳና፣ «ማሚ፣ አይ ኖው፣ አይ ኖው፣ እያየሁ ነው» ትለኛለች። እስክትሻገር ድረስ ስልኩን አልዘጋም። በጆሮዬ የሚሰማኝ የመኪናው ድምፅ ነው። ከዚያ የበራችን ድምፅ። ከዚያ ወደ ልብሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው፣ ሲሄዱ ድምፅዎን ይዘውልኝ ይሂዱ። የሌላ ሰው ድምፅ ያድርጉበት፤ ጠንካራም፣ ጨዋ ያልሆነም ቢሆን ግድ የለም። በለቅሶዬ እጄን ይዞ ቃሌ ነው ያለኝ ድምፅ ተፈቷል ሲለኝ መስማት ይከብደኛል። በማይገባኝ እንግሊዝኛ ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ንፍሮው፣ ስለ ፍራሹ፣ ስለ ጨዋዋ የቢሮ ልጅ፣ ስለ አማርኛዎ ጥራት፣ ስለ ውሾቹም መብራት፣ በልጄና በጎረቤቶቼ ስም ያለኝን ምስጋና እንዲቀበሉኝ በትሕትና እለምናለሁ። ያሰቡት ይሙላልዎ። መንገድዎን ጨርቅ ያድርግልዎ፤ መብራትም አይጣበት።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣
ከመራጮችዎ አንዷ፣ ከደዋዮችዎ መካከል ግን ያልተቆጠረች፣
የእንዳልክና የሔለን እናት፣
ብርቅነሽ ይመር

ከፊርማዬ በኋላ የጨመርኩት፤

ደብዳቤውን ጨርሼ ሔለን በኮምፒውተር እስክትጽፍልኝ ስጠብቅ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። እርስዎ ነበሩ። «ጤና ይስጥልኝ። ስታማቲ ነኝ። እንዴት ዋሉ?» አሉና ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ሰላምታ ማሽኑ ላይ ሰምቼ ስለማላውቅ በራስዎ አስበው የደወሉልኝ መሰለኝ፤ ይህን ሁሉ በመጻፌ አፈርኩ፤ ደብዳቤውን ልቀደው ልቤ ተነሣ። እንዴት ዋሉ ያለኝን ሰው ሳልመልስለት ወደ ጉዳይ መግባት ደግሞ አላደግኩበትም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት ዋሉ፣ ማዳም ካትሪና ደህና ናቸው ወይ፣ ልጆቹስ፣ ጉልበትዎስ ተሻለዎት ወይ እያልኩ ስጠይቅ፣ በድምፄ ላይ ንግግርዎን ቀጠሉ። በወረዳው አገልግሎት የረካ አንድን፣ ያልረካ ሁለትን ይጫን፤ ምንም ያልተጫነ እንደረካ ይቆጠራል አሉኝ። ያኔም ቢሆን መልስዎን እየጠበቅኩ ነበር። አመስግነው ዘጉት።

እንግዲህ አቴና ሲደርሱ ከረኩት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። የጉልበትዎን ነገር ግን አልነገሩኝም።